አመዱን ዳስሱት
(ሀዋሳ ላይ በተደረገ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)

እንደምን አረፈዳችሁ! ድምፄ ኋላ ድረስ ይሰማል? የሚሰማችሁ እጅ አውጡልኝ። ጥሩ። ማይኩ ካስቸገረ ንገሩኝ፣ ያለ ማይክም እጮሃለሁ። ተራራ ላይ የለመድኩት ነው።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ከወንዶ ገነት የመጣችሁ የደን ተማሪዎች፣ የየቀበሌው በጎ ፈቃደኞች፣ እህት ወንድሞቼ። ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁን ትቶ አዳራሽ የሚገባ የሀዋሳ ሰው ቁም ነገረኛ ነው። አመሰግናለሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። ዛሬ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከዚህ አዳራሽ ጀርባ አንድ አሮጌ ግንድ አቃጥያለሁ። አስፈቅጄ ነው፣ አትደንግጡ። ግማሽ ሰዓት ያህል ነደደ። ከዚያ ሁለት ጀሪካን ውሃ አፈሰስኩበት። ተንጨረጨረ፣ ጨሰ፣ ዝም አለ። ጥበቃው አጠገቤ ቆሞ ያይ ነበር። «ጠፍቷል ጋሼ» አለኝ። እኔ ምንም አላልኩም። ንግግሬን ስጨርስ አብረን ወጥተን እናየዋለን። እስከዚያ ግንዱን አትርሱብኝ።

የጋበዙኝ ሰዎች «በሌላው ዓለም መብረቅ ተራራ ላይ የሚያስነሳውን ሰደድ እሳት ሰዎች እንዴት ነው የሚይዙት? እስቲ አጫውተን» አሉኝ። ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ መብረቅ ጫካን እንዴት እንደሚያቃጥል። ሁለተኛ፣ እሳቱን የሚይዙት ሰዎች ምን እንደሚሠሩና ምን እንደደረሰባቸው። ሦስተኛ፣ እዚህ እኛ ጋ ነገሩ እንዴት እንደሆነ። ወሬ ስለምወድ መሃል ላይ ከመንገድ ልወጣ እችላለሁ። መልሱኝ።

እሺ፣ አንደኛው።

መብረቅ ሲወርድ የሚያልፍበት አየር ወደ 30,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል። ከፀሐይ ገጽ አምስት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ መብረቅ የመታው ሁሉ ለምን አይነድም? እኛ ክረምቱን ሙሉ ሲነጎድብን እንከርማለን። ዛፍ ይሰነጠቃል፣ ከብት ይሞታል፣ ዛፍ ስር የተጠለለ ሰውም ይሞታል። ጫካው ግን አይነድም። ለምን?

አንዱ ምክንያት ፍጥነቱ ነው። አብዛኛው መብረቅ ከዓይን ጥቅሻ ባጠረ ጊዜ ያልፋል። እንጨት ለመያዝ ትንሽ መቆየት አለበት። እሳት የሚያነሳው ኤሌክትሪኩ ረዘም ላለ ጊዜ የሚፈስበት ዓይነት ነው። ሁለተኛው ምክንያት ዝናቡ ነው። የእኛ መብረቅ ዶፍ ይዞ ነው የሚመጣው። ራሱ ለኩሶ ራሱ ያጠፋል። በምዕራብ አሜሪካ ተራሮች ግን በበጋቸው ደረቅ መብረቅ የሚሉት አለ። ደመናው ይጠቁራል፣ ይነጉዳል፣ ዝናቡም ይወርዳል። ግን መሬት ሳይደርስ አየር ላይ ተንኖ ያልቃል። መሬት የሚደርሰው መብረቁ ብቻ ነው።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። መብረቁ ዛፉን ሲመታ እሳቱ ሁልጊዜ ወዲያው አይነሳም። ቅርፊቱን ከላይ እስከ ታች ይሰነጥቅና በሥሩ በኩል ይወርዳል። እዚያ ለዓመታት የተከማቸ የቅጠልና የስንጥር ክምር አለ። እዚያ ውስጥ ፍም ሆኖ ይቀመጣል። ጭስ የለ፣ ነበልባል የለ። አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን፣ አንዳንዴ ከሳምንት በላይ። ከዚያ አንድ ቀን ሲሞቅና ነፋስ ሲነሳ ብድግ ይላል። ሰው መብረቁን ከረሳው በኋላ።

ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማ ማን ትዝ አለኝ መሰላችሁ? አያቴ።

አያቴ ማታ እራት ከተበላ በኋላ ፍሙን ወደ ምድጃው መሃል ትሰበስበዋለች። ከዚያ አመድ ታለብሰዋለች። ታዳፍነዋለች። ቤቱ ይጨልማል፣ ምድጃው ይሞታል። ጠዋት ጎንበስ ትልና አመዱን በጣቷ ገለጥ ታደርገዋለች። ከስሩ ቀይ ፍም ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። ስንጥር ታስጠጋለች፣ እፍ ትላለች፣ ይያያዛል። የእሷ ያደረላት ቀን ደግሞ ጎረቤት ልጁን ገል አስይዞ ይልካል። «እሳት ልጭር» ይላል ልጁ። ትጭርለታለች። ክብሪት ውድ ስለነበር አይደለም ብቻ። እሳት ካዳፈኑት እንደሚያድር ስለምታውቅ ነው።

እና የአሜሪካው ተራራ ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። መብረቅ ፍም ያመጣል፣ ጫካው ያዳፍነዋል፣ ነፋስ እፍ ይላል። አያቴ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረሰችም፤ ይህን ግን ማንም ሊያስተምራት አይችልም ነበር።

መጠኑን እንድታዩት አንድ ምሳሌ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 ካሊፎርኒያ ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር መብረቅ ወረደ። ሰሜን በኩል ባለ አንድ ተራራማ ጫካ ውስጥ 38 እሳቶች ተነሱ። ለየብቻ ትንንሽ ናቸው። እሳት አጥፊው ግን በየቦታው በተነሳ ሌላ እሳት ተጠምዶ ነበር። እነዚያ 38ቱ እየተገናኙ አንድ እሳት ሆኑና ከ400,000 ሄክታር በላይ በሉ። 38 ፍም ነው የነበረው።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ። እሳቱን የሚይዙት ሰዎች።

እሳት አጥፊ ስንል እኛ የምናስበው ቀይ መኪና፣ ሳይረን፣ ቧንቧ ነው። አይደል? ተራራ ላይ መኪና የለም። ቧንቧ የለም። ውሃ ቢኖር ሰው በጀርባው የተሸከመው ነው። መብረቅ የወደቀበትን ቦታ ድሮ ከማማ ላይ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ነበር የሚናገረው። ዛሬ በአብዛኛው መሣሪያ ነው የሚመዘግበው። ከዚያ ሰው ይላካል። ስንት ሰው? ለአንድ የተመታ ዛፍ ብዙ ጊዜ ሁለት ሰው ይበቃል። ሁለት ሰው፣ አንድ ዛፍ። ሰዓታት በእግር ይሄዳሉ። እሳቱ ከገፋ 20 ሰው ያለው ቡድን ይመጣል። መንገድ በጭራሽ የሌለበት ቦታ ደግሞ ከአውሮፕላን በፓራሹት የሚዘሉ አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ ይዘላሉ።

ሲደርሱ ምን ያደርጋሉ? ይቆፍራሉ። ሥራው መቆፈር ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። በእሳቱ ዙሪያ ሣሩን፣ ቅጠሉን፣ ሥሩን ጠርገው ባዶ አፈር እስኪወጣ ድረስ መስመር ያወጣሉ። እሳት አፈር አይበላም። የሚይዙት መሣሪያ ፑላስኪ ይባላል። ባንድ በኩል መጥረቢያ፣ በሌላው በኩል ዶማ ነው። እዚህ ሰፈር ያለ ብረት ቀጥቃጭ ከሰዓት በፊት ሠርቶ ይሰጣችኋል።

ስሙ የሰው ስም ነው። ኤድ ፑላስኪ የሚባል የደን ጠባቂ ነበር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1910 አይዳሆና ሞንታና በሚባሉ የአሜሪካ ግዛቶች ውስጥ መብረቅም፣ የባቡር ፍንጣሪም፣ ሰውም ያስነሷቸው ብዙ እሳቶች እዚህም እዚያም ይጨሱ ነበር። ነሐሴ 20 ኃይለኛ ነፋስ መጣ። በሁለት ቀን ወደ 1.2 ሚሊዮን ሄክታር ነደደ። ቢያንስ 85 ሰው ሞተ፣ አብዛኞቹ እሳት ለማጥፋት የወጡ ናቸው። ፑላስኪ ከ40 በላይ ሰው ይዞ ነበር። ወደ አንድ አሮጌ የማዕድን ዋሻ አስገባቸው። ጭሱ ሲያፍናቸው ሰዎቹ ተነስተው ሊወጡ አሉ። ሽጉጡን መዝዞ የሚወጣውን እንደሚተኩስበት ነገራቸው። ጥቂቶቹ እዚያው ሞቱ። ሌሎቹ ጠዋት በሕይወት ወጡ። እሱም ዓይኑና ሳንባው ተጎድቶ ቀረ። መጥረቢያና ዶማውን ባንድ እጀታ ያደረገው መሣሪያ በስሙ ተጠራ።

ከዚያ በኋላ አሜሪካኖቹ ክፉኛ ደነገጡ። እ.ኤ.አ. በ1935 ደንብ አወጡ። ማንኛውም እሳት በታየ ማግስት ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት መያዝ አለበት ተባለ። በእኛ አቆጣጠር ነው 4 ሰዓት፣ በእነሱ አሥር ነው። መብረቅ ያስነሳው ይሁን ሰው፣ ማንም አይነጋገርበትም። ለአሥርት ዓመታት እንዲህ ተሠራ። ውጤቱስ? እሳት ያልነካው ጫካ ስንጥሩ፣ የወደቀው ግንድ፣ ችግኙ እየተከማቸበት ሄደ። በኋላ እሳት ሲገባበት እንደ ድሮው ሳር ላይ የሚሄድ አልሆነም፣ ቅርንጫፍ ላይ ወጣ። ስለዚህ ሐሳባቸውን ቀየሩ። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሰው በሌለበት ሩቅ ተራራ ላይ መብረቅ ያስነሳውን አንዳንዱን እሳት አያጠፉትም። ይጠብቁታል። ዙሪያውን ይከታተላሉ፣ ወደ መንደር እንዳይመጣ በአንድ በኩል ብቻ ይይዙታል።

ተማሪዎች ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ። «ጋሼ፣ እሳት አጥፊ ቁጭ ብሎ እሳት ሲያይ ይከፈለዋል?» ይከፈለዋል። ግን ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 የሎውስቶን የሚባለው ፓርካቸው ውስጥ መጀመሪያ ላይ አንዳንዱን የመብረቅ እሳት እንዲነድ ተዉት። ያ ዓመት ደረቀ፣ ነፋሱ በዛ። ከፓርኩ ሲሶ የሚበልጠውን እሳት ነካው። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ተሰለፈ፣ ወታደር ሳይቀር። በመጨረሻ የገላገላቸው መስከረም ላይ የጣለ በረዶ ነው። ይህን በረዶ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን አንድ ከባድ ታሪክ አለ። ሳልነግራችሁ አልወርድም።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 5 ቀን 1949፣ ሞንታና፣ ማን ገልች የሚባል ሸለቆ። ከአንድ ቀን በፊት መብረቅ ያስነሳው እሳት ነበር። 15 ሰዎች በፓራሹት ዘለሉ። አንድ ሌላ የደን ሠራተኛ ታች ተቀላቀላቸው። ሬዲዮናቸው ፓራሹቱ አልከፈት ብሎ ወድቆ ተሰብሯል። እሳቱ ትንሽ መሰላቸው። ወደ ወንዙ ሲወርዱ አለቃቸው ዋግ ዶጅ እሳቱ ሸለቆውን ተሻግሮ ከፊታቸው እንደመጣ አየ። ዞረው ወደ ላይ መሮጥ ጀመሩ። እሳት ዳገት ይወዳል፣ ይህን እረኛ ሁሉ ያውቃል። ሰው ዳገት ላይ ይደክማል፣ እሳት ዳገት ላይ ይፈጥናል። ሣሩ ደረቅና ረጅም ነበር።

ዶጅ እንደማያመልጥ ሲገባው ቆመ። ክብሪት አወጣ። ከፊቱ ያለውን ሣር ለኮሰው። ከኋላው እሳት እየመጣ እሱ ከፊቱ እሳት ለኮሰ! ሣሩ ነዶ ሲሄድ ቦታው አመድ ሆነ። ዶጅ አመዱ ውስጥ ገብቶ በደረቱ ተኛ። ልጆቹን ጠራቸው። «ግቡ» ብሎ ጮኸ። አንድም አልገባ። አለቃችን አብዷል ብለው ይሆናል፣ ወይም አልሰሙት ይሆናል። በአጠገቡ እየሮጡ አለፉ። ትልቁ እሳት ደርሶ በዶጅ ዙሪያ አለፈ፣ የሚበላው ስላጣ። ከሌሎቹ ሁለቱ በድንጋይ ስንጥቅ ሾልከው ተረፉ። 13ቱ ሞቱ።

እኔ ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር የሚከነክነኝ ክብሪቱ አይደለም። ዘዴውን አስቀድሞ ማንም ለልጆቹ አላሳያቸውም ነበር። እሳት ደርሶ ትምህርት አይሰጥም።

አንድ ሌላ ልጨምርና ወደ አገራችን እንግባ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2013 አሪዞና ውስጥ መብረቅ ያርኔል አጠገብ ኮረብታ ላይ እሳት አስነሳ። ከሁለት ቀን በኋላ ሌላ ነጎድጓዳማ ደመና መጣ። ከደመናው ወደ ታች የሚነፍሰው ነፋስ የእሳቱን አቅጣጫ አዞረው። 20 ሰው ካለው አንድ ቡድን 19ኙ ሞቱ። የተረፈው ለብቻው ቆሞ እሳቱን እንዲጠብቅ የተመደበው ነው። ደመና ሲመጣ ዝናብ ይመጣል ብላችሁ ደስ አይበላችሁ። መጀመሪያ የሚደርሰው ነፋሱ ነው። ይህን ጻፉት፣ ተማሪዎች።

እሺ፣ ሦስተኛው። እኛ።

በ1992 ዓ.ም. ባሌ ነደደ። ከዚህ ሻሸመኔን፣ ዶዶላን፣ አዳባን አልፎ ማለት ነው። የካቲትና መጋቢት ነበር። ገበሬው፣ ወታደሩ፣ ተማሪው ወጣ። ከጀርመን፣ ከአሜሪካ፣ ከደቡብ አፍሪካ ባለሙያ መጣ። እኔም ወጣት ነበርኩ፣ ሄድኩ። ምን ይዤ? ቅጠል። የአስታ ቅርንጫፍ ቆርጠን እየመታን ነው እሳት የተዋጋነው። አስታ ራሱ ዘይት ያለው ይመስል የሚነድ ዛፍ መሆኑን ልብ በሉ።

አንድ ቀን የእኔ ቡድን አንድ ጥግ ያዘ። ከጠዋት እስከ ማታ ደበደብነው። ነበልባሉ ጠፋ። ፊታችን ጥላሸት፣ ዓይናችን ደም መስሎ ተቃቀፍን። አንዱ ዘፈን አወጣ። ቆሎ በላን፣ ጋቢያችንን ተከናንበን ተኛን። የቡድኑ መሪ ማን ነበር? እኔ ነኝ። «ጠፍቷል» ብዬ ያወጅኩት እኔ ነኝ። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ አንድ ሽማግሌ በዱላ ጎነተሉኝ። «ልጄ፣ ተነስ። እሳትህ ቀድሞህ ተነስቷል» አሉኝ። ዞር ስል ከኋላችን ያለው ጀርባ ቀልቷል። አንድ የወደቀ ግንድ ነበር፣ ወገቡ ድረስ የከሰለ። አጠገቡ ቆሜ ቆሎ በልቻለሁ። በውስጡ ፍም ነበር። ሌሊት ነፋስ ከተራራው ወረደና እፍ አለው።

የአያቴ ልጅ ልጅ ሆኜ አመዱን ሳልነካው ተኛሁ። ከዚያ በኋላ ስንት ቀን እንደተዋጋን አልነግራችሁም፣ አፍራለሁ። በመጨረሻ ያጠፋልን ዝናብ ነው። አሜሪካኖቹን በረዶ፣ እኛን ዝናብ። ያዙልኝ ያልኳችሁ እሱን ነው። ትልቅ እሳትን ሰው አያጠፋውም። ሰው የሚያጠፋው ትንሹን ነው።

በ2011 ዓ.ም. ሰሜን ተራሮች ሲነድ ደግሞ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ባለሙያ መጣ። እግዜር ይስጣቸው። ሄሊኮፕተር ነበልባል ላይ ውሃ ያፈሳል። አመድ ግን አይዳስስም፤ እጅ የለውማ።

እነዚያ የአሜሪካ ልጆች ነበልባሉ ከጠፋ በኋላ የሚሠሩት ሥራ ከፊተኛው ይረዝማል። ፎቶ አይነሳም፣ ጀግና አያሰኝም። የተመታውን ዛፍ ይጥሉታል። ግንዱን ያገላብጡታል፣ ከስሩ ይቆፍራሉ፣ አመዱን ከአፈርና ካለቻቸው ውሃ ጋር እንደ ጭቃ ያቦኩታል። ከዚያ ጓንታቸውን ያወልቃሉ። የእጃቸውን ጀርባ መጀመሪያ ያስጠጋሉ፣ ካልፈጃቸው ይነኩታል። ክንድ በክንድ፣ ሥር በሥር። ትኩስ ካለ እንደገና ይቆፍራሉ። ለአንድ ዛፍ ሁለት ቀን የሚቀመጡበት ጊዜ አለ። የዛፉ ሥር ድሮ በነበረበት ጉድጓድ ሳይቀር እጃቸውን ይከታሉ፣ ሥር ውስጥ ውስጡን ነዶ መስመሩን ተሻግሮ ይወጣልና።

«እኛ ደረቅ መብረቅ የለንም፣ ይህ ምን ይሠራልናል?» የሚል አለ? ጥያቄው ልክ ነው። የእኛ ጫካ በብዛት የሚነደው በበጋ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ነው። መብረቁን እዚያ ለምን እንፈልገዋለን? እኛ አገር መብረቁ እኛ ነን። ለአዲስ ሣር ብሎ አስታ የሚለኩስ እረኛ አለ። ማር ሲቆርጥ ያጨሰበትን ጥሎ የሚሄድ አለ። ማሳ የሚያጸዳ፣ ከሰል የሚያከስል አለ። ታቦር ተራራ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ስትጠልቅ እያየ ሲጋራውን በደረቅ ሣር ላይ የሚጥል የከተማ ልጅም አለ፣ እዚህ ውስጥ የለም እንጂ። አስቃችኋለሁ እንዴ? እንግዲህ።

እረኛውን ብቻ እንዳንረግም። አስታ ከተቃጠለ በኋላ ከሥሩ ያቆጠቁጣል፣ እረኛው ያን ከእኛ በፊት ያውቃል። አንዳንድ ሰው ደግሞ «እንግዲያው እንደ አሜሪካኖቹ እንተወው፣ ይንደድ» ይላል። እኔ አልስማማም። እነሱ የሚተዉት ሰው የሌለበት ሰፊ ጫካ ስላላቸው ነው፣ የሚከታተል ሰውም ስለሚመድቡ ነው። እኛ ባሌ ሐረና ጫካ ውስጥ ሰው፣ ከብት፣ የጫካ ቡና፣ ቀፎ አብረው ነው ያሉት። ትቶ ማየት የሚቻለው የሚያይ ሲኖር ነው።

ለቀበሌ በጎ ፈቃደኞች የምለምናችሁ ይህን ነው። ሄሊኮፕተር አልጠይቃችሁም። ዶማ አላችሁ። መጥረቢያ አላችሁ። እሳት ሲነሳ ቅጠል ቆርጦ ከመደብደብ በፊት መስመር ቁፈሩ። አንድ ሰው እሳቱን ብቻ የሚያይ ከፍ ያለ ቦታ አቁሙ። የምትሸሹበትን ቀድማችሁ ለዩ፣ ወደ ዳገት አይሁን። ነበልባሉ ሲጠፋ አትዝፈኑ። ቢያንስ ማግስቱን ሰው አሳድሩበት። እና ዳስሱት። በእጃችሁ ዳስሱት።

ሰዓቴ አልቋል፣ ሰብሳቢዋ እያየችኝ ነው። ጥያቄ ካላችሁ ውጭ እንመልሳለን፣ ምክንያቱም አሁን ሁላችንም ወደ ውጭ ነን። ግንዱን አልረሳችሁትም አይደል? ጠዋት ሁለት ጀሪካን ውሃ ጠጥቷል። ከዚያ ወዲህ ከሦስት ሰዓት በላይ ሆኖታል። ቅድም ስገባ አይቼዋለሁ፣ ጭስ የለውም። ጥበቃውም እዚያው ቆሟል፣ «ጠፍቷል» ብሎ ሊወራረደኝ ነው።

በዚህ በኩል ውጡ። ቀስ። ሰዓትና ቀለበት ያላችሁ አውልቁ። መጀመሪያ የእጅ ጀርባ፣ መዳፍ አይደለም። አስጠጉ እንጂ አትጫኑት። ግንዱን እኔ አገላብጥላችኋለሁ።

ማን ይቅደም? አንቺ ነሽ? ነይ።